ተማሪዬ ትምህርት ላይ ያምራል፣ ሰው ፊት ሲቆም ይፈርሳል፤ ኦዲሽኑ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል

ቀስት ያዥ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቫዮሊን አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ጀማሪዎችና መካከለኞች ናቸው። አሁን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማርኩት ልጅ 22 ዓመት ሞልቶት ለኦርኬስትራ የሁለተኛ ቫዮሊን ወንበር ሊወዳደር ነው። «ቲቸር፣ እርስዎ ያዘጋጁኝ» ሲለኝ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ትምህርት ላይ ልጁ ግሩም ነው። የሞዛርትን አምስተኛ የቫዮሊን ኮንቸርቶ (ብቸኛ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ) የመጀመሪያ ክፍል ይጫወታል፤ በተጨማሪ ከኦርኬስትራ ሥራዎች የተወሰዱ ስምንት ቅንጫቢዎች አሉት። ሁሉንም ጣቱም ጆሮውም ያውቃቸዋል። ባለፈው እሑድ አራት ሰዎች ጠርቼ ሳሎን ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ተጫወትላቸው አልኩት። ኮንቸርቶውን የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ፣ ኦርኬስትራው በፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ ሶሎው ሲገባ ሁሉም ነገር ረገብ ይልና ቫዮሊኑ በአጭር አዳጆ፣ ማለትም በዝግተኛ ክፍል፣ ይመጣል፤ ቀስቱ ረጅም መንገድ በዝግታ መሄድ አለበት። ልክ እዚያ ላይ ቀስቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክሩ ላይ ትር ትር ትር እያለ ይዘላል። ፈጣኑ ክፍል ሲመጣ ደግሞ ፈረጠጠ፣ ልይዘው እንኳ አልቻልኩም። ሦስት ቦታ ላይ ቆሞ «ይቅርታ፣ እንደገና ልጀምር» አለ። ሰዎቹ ሲሄዱ ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንጀቴን በላው።

ከዚያ ወዲህ የአንድ ሰዓቱን ትምህርት ወደ ሁለት ሰዓት አሳድጌዋለሁ። እያንዳንዱን መስመር እያስቆምኩ አርመዋለሁ። ለውጥ ግን አላየሁም። እንዲያውም የባሰበት ይመስለኛል። ምን ላድርግ? ልምምድ ልጨምርበት ወይስ ሌላ ነገር አለ? ዳኞቹስ በትክክል የሚሰሙት ምንድን ነው? አንድ ጓደኛው ደግሞ ለፍርሃት የሚሆን ኪኒን አለ ብሎታል፣ እሱም አሳስቦኛል።


ከመጋረጃው ወዲህ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ወር ልጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንቺ አፍሽን ሳትከፍቺ፣ ስንት ጊዜ ተጫወተ? ቁጠሪውና ንገሪኝ።

ለዓመታት ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫውቻለሁ፣ ብዙ ጊዜም ዳኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ኦዲሽን ላይ የሚወድቁት ልምምድ ያነሳቸው ብቻ አይደሉም። ብዙዎቹ ከበቂ በላይ የተለማመዱ ናቸው። ነገር ግን ልምምዳቸው በሙሉ መደጋገም ነው። አንድ መስመር ይጫወታሉ፣ ይበላሻል፣ ይመልሱታል፣ በአምስተኛው ይሰምራል፣ ከዚያ «ይሄ አለቀ» ብለው ያልፋሉ። ኦዲሽን ላይ አምስተኛ የሚባል ነገር የለም። የሚሰማው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ተማሪሽ «እንደገና ልጀምር» ያለው ስለፈራ ብቻ አይመስለኝም። እንደገና መጀመር ስለለመደ ነው። ያስለመድነው ደግሞ እኛ አስተማሪዎች ነን። ስሕተት በሰማን ቁጥር እጃችንን እናነሳለን፣ ልጁም እጃችንን መጠበቅ ይለምዳል።

ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድመሽ ንገሪው። የማያውቁት ነገር ያስፈራልና። ስም የለም፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ሌሎች ተወዳዳሪዎች ያንኑ ቅንጫቢ በሙሉ ድምፅ ሲለማመዱ እየሰማ ይጠብቃል፤ ይሄ ብቻውን ስንቱን ሰው ከመግባቱ በፊት ጨርሶታል። ተራው ሲደርስ አንድ አስተናጋጅ ያስገባዋል። መጋረጃ አለ። እኛ ከወዲህ ነን፣ እሱ ከወዲያ። መናገር አይፈቀድለትም፤ ጥያቄ ካለው ለአስተናጋጁ በጆሮው ይነግረዋል፣ አስተናጋጁ ለእኛ ይጠይቃል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ የሚነጠፍበት ቦታ ብዙ ነው፣ የጫማ ኮቴ ወንድ ይሁን ሴት እንዳያሳብቅ። ይህ አሠራር ድሮ አልነበረም። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በ1952 እ.ኤ.አ. ጀመረው፣ ከአሜሪካ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ብዙዎቹ ደግሞ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ተከተሉት። እስከ መጨረሻው ዙር መጋረጃውን የማያነሱ አሉ፣ በመጨረሻው ዙር የሚያነሱም አሉ። የዚህን ኦርኬስትራ ደንብ ከማስታወቂያው ላይ አንብቡት። በመሃል «እናመሰግናለን» ተብሎ ቢቆምም አይደንግጥ። ጊዜ ስለሌለ ነው፣ የወደዱትንም የሚያስቆሙበት ጊዜ አለ።

ምን እንሰማለን? ሪትም ይቀድማል። ተወዳዳሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ድምፅ ውበት ነው፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጽፈው «ቴምፖው (ፍጥነቱ) አይጸናም» የሚል ነው። ምክንያቱም ኦርኬስትራ ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ነው የሚቀመጠው። ድምፁ ትንሽ የሻከረ ሰው አብሮን ሊያድግ ይችላል፣ ምት የማይጠብቅ ሰው ግን ጎኑ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ቀጥሎ የቃና ንጽህና። ከዚያ ደግሞ ለስለስ ያለውና ጠንከር ያለው ልዩነቱ ይሰማል ወይ? ከዚህ ሁሉ በኋላ ልምድ ያለው ዳኛ የሚሰማው ሌላ ነገር አለ። ልጁ ብቻውን እየተጫወተ ዙሪያውን ያለውን ኦርኬስትራ ይሰማዋል ወይ?

ምሳሌ ልስጥሽ። የስሜታና «የተሸጠችው ሙሽራ» ኦፔራ መክፈቻ ለሁለተኛ ቫዮሊን ኦዲሽን ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ሙሉው ኦርኬስትራ ካስተጋባ በኋላ ያንን ሩጫ በለሆሳስ ብቻቸውን የሚጀምሩት ሁለተኛ ቫዮሊኖች ናቸው፣ ሌሎቹ በኋላ አንድ በአንድ ይከተሏቸዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሲጫወት እንደ መሠረት ጣይ ነው የሚጫወተው። እኩል፣ ጸጥ ያለ፣ ሌላው ሰው ሊደገፍበት የሚችል። የማያውቀው ግን የፍጥነት ትርኢት ያደርገዋል። ከመጋረጃ ጀርባ ሆነን ልዩነቱን ወዲያው እንለየዋለን። ስለዚህ ስምንቱንም ቅንጫቢዎች ከሙሉው ሥራ ጋር ያዳምጥ፣ የሌሎቹን መሣሪያዎች ኖታ እያየ። ሲጫወት ባሶቹን በውስጡ እስኪዘፍናቸው ድረስ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሁለት ሰዓቱን ወደ አንድ መልሺው። እንደ እሑዱ አራት ሰው ጠርተሽ ማስጫወቱን ግን በየሳምንቱ ቀጥዪበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንደለመድሽው አርሚ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ትምህርቱ ሲጀመር፣ ጣቱ ሳይሟሟቅ፣ አንድ ጊዜ ሁሉንም ይጫወት፤ እርማት ከዚያ በኋላ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ግን ዝም በዪ። ወረቀትና እርሳስ ያዢ። ሲጫወት ጻፊ፣ አታቋርጪው፣ ፊትሽም አይናገር። ሲጨርስ ከጻፍሽው ውስጥ አንዱን ብቻ ንገሪው። አንዱን! አሥሩንም ከነገርሽው አሥሩንም ይዞ ነው ክፍሉ ውስጥ የሚገባው።


ሦስተኛው ወንበር፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ወንበሬን ያገኘሁት በስምንተኛው ኦዲሽን ስለሆነ በተወዳዳሪው በኩል ያለውን ልንገርሽ።

ፍርሃቱን ለማጥፋት አትድከሚ። አይጠፋም። ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፣ ትንንሽ ጡንቻዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ማድረግ የምትችዪው በዚያ ሁኔታ ውስጥ መጫወትን ማለማመድ ነው። እኔ ደረጃ ነበር የምጠቀመው። አራት ፎቅ በሩጫ እወጣለሁ፣ በሩን ከፍቼ ቫዮሊኑን አነሳለሁ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ የመጀመሪያውን ኖታ እጫወታለሁ። የመጀመሪያው ቀን ያሳፍራል። በሁለተኛው ሳምንት ቀስትሽን እንዴት እንደምትይዢው እጅሽ ራሱ መላ ያገኛል።

ስለ አዳጆው። በዝግታ የሚሄድ ቀስት ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም በደመ ነፍስ ቀስቱን እናቀለዋለን፣ ከክሩ ላይ እናነሳዋለን። የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። የክንዱ ክብደት ክሩ ላይ ይረፍ፣ ቀስቱም ትንሽ ፈጠን ይበል። ጉልበቱን ቆልፎ እንዳይቆም እዪው፤ ጉልበት ሲቆለፍ ትከሻም አብሮ ይቆለፋል። ሌላው ደግሞ ሁለተኛ የቀስት ዕቅድ ይኑረው። በአንድ ቀስት የሚይዘውን ረጅም ሐረግ ለሁለት ከፍሎ፣ ልዩነቱ እንዳይሰማ አድርጎ ይለማመድ። ኦዲሽን ላይ የሚይዘው ቀስት ልቡ እየዘለለም የሚችለው ይሁን። ቤት ውስጥ በጥሩ ቀን ብቻ የሚሳካውን ይተወው።

ስለ መፍጠኑ። ልብ ሲፈጥን ትክክለኛው ቴምፖ የተንቀራፈፈ ይመስላል። ልጁ እየፈጠነ እንደሆነ በዚያ ሰዓት አያውቅም፣ ደህና እየሄድኩ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። መድኃኒቱ ይሄ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያውን መስመር አያስብ። ከቅንጫቢው ውስጥ በጣም ጥቃቅን ኖታዎች ያሉበትን ቦታ በልቡ ይዝፈነው። እዚያ ላይ የሚመቸው ፍጥነት ትክክለኛው ፍጥነት ነው። በዚያ ይቁጠርና ይጀምር። በሁለት ቅንጫቢ መካከልም እንደዚሁ፣ ሙሉ ትንፋሽ ወስዶ አዲሱን ቴምፖ በውስጡ ሰምቶ ነው የሚቀጥለው። ማንም አያባርረውም። ተወዳዳሪ አሥር ሰከንድ ሲቆይ ለራሱ አሥር ደቂቃ ይመስለዋል፣ ከመጋረጃው ወዲህ ላለው ግን ምንም ማለት አይደለም።

ወረቀት ቆራርጡና የቅንጫቢዎቹን ስም ጻፉበት፣ ኮፍያ ውስጥ ጨምሩት። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ምግብ እየሠራም ይሁን ከውጭ ሲመጣ፣ አንድ ያውጣና አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወት። ተበላሸ? ይበላሽ። ወረቀቱ ይመለስና ነገ ይወጣል። በስልክ ይቅዳው፣ ግን በዚያው ሰዓት አይስማው። በማግስቱ ይስማው። ወዲያው ሲሰማው እጁ የሚያስታውሰውን ነው የሚሰማው፣ በማግስቱ ግን እንደ ሰው ጆሮ ይሰማዋል።

ኪኒኑን በተመለከተ፣ ጓደኛው ያለው ምናልባት ፕሮፕራኖሎልን ይሆናል። የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ነው። የልብ ምትንና የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፣ ብዙ ሙዚቀኞችም በሐኪም ትእዛዝ ይወስዱታል። ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ሐሳብ ግን አያጠፋም። አስም ላለበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከጓደኛ ኪስ በፍጹም አይቀበል። ከፈለገ ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ሐኪሙ ከፈቀደለትም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው በኦዲሽኑ ቀን መሆን የለበትም።


ድምፃዊት፦

እኔ ዘፋኞችን ነው የማዘጋጀው፣ ኦፔራ። እኛ ጋ መጋረጃ ብዙም የለም፣ ከበሩ ስትገቢ ጀምሮ ነው የሚያዩሽ። ግን ነገሩ ተቀራራቢ ስለሆነ ጥቂት ልበል፣ በአንድ ነገር ደግሞ ከላይ ካሉት ጋር አልስማማም።

የማልስማማው ሰው ፊት በየጊዜው ማቆሙ ላይ ነው። እሑድ ዕለት አራት ሰው ፊት ተሰብሯል። አሁን ደግሞ በየሳምንቱ አራት ሰው ፊት ካቆምሽው መሰበርን እየተለማመደ ነው ማለት ነው። እንዲህ የሆነች ልጅ አይቻለሁ። አዘጋጅዋ «እየለመደችው ትመጣለች» እያለ ሰባት ጊዜ ሰው ፊት አቆማት፣ በሰባተኛው ዘፈኑን ጀምራ ከመድረክ ወረደች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት አልዘፈነችም። ስለዚህ ከትንሽ ጀምሪ። መጀመሪያ ስልኩን ፊቱ አቁሞ ይጫወት፣ ማንም ሳይኖር። ቀጥሎ ስለ ሙዚቃ ምንም ለማያውቅ አንድ ሰው። ከዚያ ለሚያውቅ አንድ ሰው። አንዱ ደረጃ ላይ ሁለቴ እስኪሳካለት ወደሚቀጥለው አታሳልፊው። ተሳካ ስልሽ ያለ ስሕተት ማለቴ አይደለም፤ ተሳስቶም ሳይቆም ከጨረሰ ተሳክቶለታል።

«አትፍራ» አትበዪው። ይህ ቃል ማንንም አረጋግቶ አያውቅም። የሚሠራበት ነገር ስጪው። ለምሳሌ ትንፋሽ። አወጣጡ ከአገባቡ ይርዘም፤ በአራት ቆጥሮ ያስገባ፣ በስምንት ቆጥሮ ያውጣ። ረጅም አወጣጥ የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል። ዘፋኝ ይህን ሥራው ስለሆነ ያውቃል፣ ቫዮሊን ተጫዋች ግን መተንፈስ የሚረሳ ሰው ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝና ክፍሉ ማዶ ሆኜ ትንፋሻቸውን ይዘው ሲጫወቱ ይታወቀኛል። ልጁ ከመጀመሪያው ኖታ በፊት እንደ ዘፋኝ ይተንፍስ፣ ቀስቱም ከትንፋሹ ጋር ይውረድ።

እኛ ጋ ተወዳዳሪ አምስት ያህል አሪያ (ከኦፔራ የተወሰደ የብቸኛ ዘፋኝ ዘፈን) ይዞ ይገባል፣ የመጀመሪያውን ራሱ ይመርጣል፣ ሁለተኛውን ዳኞቹ ይመርጡለታል። ሁሌም የምላቸው፣ የመጀመሪያው ጉንፋን ይዟችሁም፣ እንቅልፍ አጥታችሁም የምትዘፍኑት ይሁን ነው። ቫዮሊኑ ላይ ቅደም ተከተሉን ዳኞቹ እንደሚወስኑት አውቃለሁ። ግን ኮንቸርቶው መጀመሪያ የሚመጣ ከሆነ ያ አዳጆ ጉንፋን በያዘው ቀን የሚጫወተው ደረጃ ላይ መድረስ አለበት።

አጃቢ ፒያኒስት ካለ ደግሞ ቴምፖውን በእጅ ጭብጨባ አያሳየው። አጎንብሶ የመጀመሪያውን ሐረግ በለሆሳስ ይዝፈንለት። ፒያኒስቱ በደንብ የሚገባው እንደዚያ ነው። ኖታውም በሁለት ገጽ የተለጠፈ፣ የማይንሸራተት፣ ጠርዙ ያልተቆረጠ ይሁን፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የታችኛው የባስ መስመር የተቆረጠበት ኖታ ስንቱን አበላሽቷል መሰላችሁ።


ከመጋረጃው ወዲህ፦

ድምፃዊት ልክ ነሽ። ደረጃ በደረጃ የሚለው ከእኔ ይሻላል። አራት ሰው መጥራቱ ለአምስተኛው ሳምንት ይቆይ።


ኦቦ፦

ጤና ይስጥልኝ። ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ነው የምጫወተው። እኔ ተወዳዳሪ ነኝ፣ ገና ቦታ አላገኘሁም። እርስዎ አስተማሪ ስለሆኑ በተማሪ በኩል ያለውን አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ኦዲሽን ሦስት ወር ተዘጋጀሁ። አስተማሪዬ በጣም ነው የሚወደኝ፣ ይህን አልጠራጠርም። ከኦዲሽኑ በፊት ባለው ማታ በሦስት ሰዓት ደወለልኝ። «ሲያሳስበኝ ዋለ፣ ሁለተኛው ቅንጫቢ ላይ ትንፋሽ የምትወስጂበትን ቦታ ቀይሪው» አለኝ። ከዚያ ሌላም ጨመረ። ከዚያ ደግሞ «ያቺን ሪድ ሳይሆን አዲሷን ተጠቀሚ» አለኝ፣ አፍ ውስጥ የሚገባውን የኦቦውን ሸምበቆ ማለቱ ነው። ስልኩን ስዘጋ ሦስት ወር የያዝኩት ነገር ሁሉ እጄ ላይ ተበተነ። ሌሊቱን ትንፋሹን ስቀይር አደርኩ። ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ የድሮውም የአዲሱም ጠፋብኝ።

እሱ ፈርቶ ነበር፣ ፍርሃቱን ግን ለእኔ ነው የሰጠኝ። እርስዎም እንደሚፈሩ ጽፈዋል። እባክዎ ለሌላ አስተማሪ ይደውሉ፣ እዚህ ይጻፉ፣ ለእሱ ግን አይደውሉለት።


ቀስት ያዥ፦

ከመጋረጃው ወዲህ ቁጠሪ ስላልከኝ ቆጠርኩት። ዜሮ ነው። ባለፈው ወር ስምንት ጊዜ ተገናኝተናል፣ አንድም ጊዜ ሳላስቆመው አልጨረሰም። ይህን ሳየው ለብዙ ሰዓት ከፍቶኝ ዋለ።

በማግስቱ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። «ዛሬ አላስቆምህም» አልኩት። ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስተኛው ጣቱ ዝቅ አለና ኖታው ተበላሸ። ወዲያው ቀስቱን ከክሩ አንስቶ አየኝ። ልቆጣው ወይም «ከላይ ጀምር» ልለው ነው የሚጠብቀው። ወረቀቴን እያየሁ ዝም አልኩ። እንደዚያ ሆነን ትንሽ ቆየን። ከዚያ ቀስቱን መልሶ ካቆመበት ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ሄደ። ሲጨርስ ሁለታችንም ምን እንደምንል ጠፋን። አሥራ አንድ ነገር ጽፌ ነበር፣ አንዱን ብቻ ነገርኩት። አሥሩን መያዝ እንዴት እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም።

ሦስተኛው ወንበር፣ ደረጃውን ሞከርነው። የመጀመሪያ ቀን ቀስቱ ከእሑዱም በላይ ተንቀጠቀጠ። በአምስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ኖታ ላይ ብቻ ትንሽ ትር ትር ይላል፣ ከዚያ ይረጋል። ሐረጉንም ለሁለት ከፍለነዋል። መፍጠኑ ግን ወዲያው ነው የተስተካከለው! ጥቃቅን ኖታዎቹን በልቡ ዘፍኖ ሲጀምር ሌላ ሰው ይሆናል። ኪኒኑን እናቱ ስለነገረችው ትቶታል፣ በልጅነቱ አስም ነበረበት። ኦቦ፣ ያንቺን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አመሰግናለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናትና የኦዲሽኑ ዕለት ምን እናድርግ?


ከመጋረጃው ወዲህ፦

አዲስ ነገር የለም። ጣት አይቀየር፣ ቀስት አይቀየር። ክሮቹን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይቀይራቸው እንጂ በዋዜማው አይንካቸው፤ አዲስ ክር ይለጠጣል፣ በየመሃሉ ቅኝቱ ይወርዳል። ትርፍ ክር ግን በሳጥኑ ውስጥ ይኑረው። ኦርኬስትራው የሚቃኝበትን የ«ላ» ኖታ ከፍታ በሄርዝ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። በ440 ሲለማመድ የኖረ ሰው 442 ወይም 443 ከሚጠቀም ኦርኬስትራ ፒያኖ ጋር ሲገናኝ ጆሮው ግራ ይገባዋል። በአውሮፓ ይሄ ብዙ ነው።

በዋዜማው የእያንዳንዱን ቅንጫቢ የመጀመሪያ ሁለት መስመር በዝግታ ይጫወትና ሳጥኑን ይዝጋ። በዕለቱ ጓንት ያድርግ፣ እጁ እንዳይቀዘቅዝ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጆሮው ላይ የሚደፋ ነገር ያድርግ፣ የሌሎቹን እንዳይሰማ። አንቺ ከሸኘሽው እስከ በሩ ሸኚው፣ ስለ ሙዚቃ አታውሪ። ሲወጣ «እንዴት ነበር?» አትበዪው። ራሱ ያወራልሻል። ካላለፈ ደግሞ የዳኞቹን አስተያየት በጽሑፍ ጠይቁ፣ የሚሰጡ ኦርኬስትራዎች አሉ።


ቀስት ያዥ፦

ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። የመጀመሪያውን ዙር አለፈ። ሁለተኛው ላይ ቀረ።

በሩ ላይ ስጠብቀው ነበር። እንዴት ነበር አላልኩም፣ ምላሴን ነክሼ። መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ ከሄድን በኋላ «ቲቸር፣ አንድ ቦታ ተሳሳትኩ፣ ግን አልቆምኩም» አለኝ። አዳጆው ላይ ቀስቱ አልተንቀጠቀጠም።

አስተያየቱን ጠይቀን ደረሰን። ሁለት ዳኞች ስለ ሪትሙ ጥሩ ጽፈውለታል። ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው የጻፉት፣ ለስላሳ ቦታዎች ላይ ድምፁ ይጠፋል፣ ከሩቅ አይሰማም። እኔ ይህን በጭራሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለካስ ሁልጊዜ ከአጠገቡ፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ ነው የምሰማው፤ እዚያ ለስላሳ የሚመስለው አዳራሽ ውስጥ የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር ደግሞ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ሌላ ኦዲሽን አለ፣ ስሙን አስመዝግቧል። አሁን በሳምንት አንድ ቀን የሚሰጠን ትልቅ አዳራሽ እየፈለግን ነው። እሱ መድረኩ ላይ ይቆማል፣ እኔ መጨረሻው ረድፍ ላይ ወረቀቴን ይዤ እቀመጣለሁ።